ስለ ሴቶች ጤና የሚጠሩ ጉባኤዎች፦ ከየት መጡ? ቤተ ክርስቲያንስ እንዴት ትገኝባቸው?

በየዓመቱ የካቲት ወር ሲጋመስ ለብዙ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናት የሚደርስ አንድ የታወቀ ደብዳቤ አለ። ከወረዳው የሴቶች ጉዳይ ወይም ከጤና ጽሕፈት ቤት፣ አንዳንዴም መንግሥታዊ ካልሆነ ድርጅት የሚመጣ ነው። የሴቶችን ቀን ምክንያት በማድረግ በእናቶች ጤና፣ በግርዛት ወይም በጾታዊ ጥቃት ላይ ውይይት ስለሚደረግ ቤተ ክርስቲያኒቱ ተወካይ እንድትልክ ይጠይቃል።

ደብዳቤው ሲደርስ ሁለት ዓይነት ምላሽ ይታያል። አንዳንዱ አገልጋይ “ይህ የዓለም ነገር ነው፤ የፌሚኒስቶች ጣጣ ነው” ብሎ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ሌላው ደግሞ ምን እንደሚነገርና ምን እንደሚፈረም ሳይጠይቅ ከሴቶች ክፍል ጊዜ ያላትን እኅት ይልካታል፤ እርሷም ቦርሳና ቲሸርት ተቀብላ ትመለሳለች፤ ምን ሰምተሽ መጣሽ ብሎ የሚጠይቃት ግን የለም። ሁለቱም ምላሾች አንድ የጋራ ጉድለት አላቸው። ጉባኤው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ የተሰጡ ናቸው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ እነዚህ ጉባኤዎች ከየት እንደመጡ፣ በዓመቱ ውስጥ መቼ እንደሚውሉ፣ በምን እንደምንስማማና በምን እንደምንለይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ጉባኤ የእናቶችን ሕይወት የሚያድነው መቼ እንደሆነ እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ቀኖቹን ግን በእኛም አቆጣጠር አስቀምጠናል። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት የኅዳር፣ የታኅሣሥና የጥር ቀኖች በአንድ ቀን እንደሚቀድሙ ልብ ይሏል።

ሥሩ ከቤተ ክርስቲያን የራቀ አይደለም

የሴቶች መብት ንቅናቄና የሕዝብ ጤና የተገናኙት ትናንት አይደለም። በ1864 የእንግሊዝ ፓርላማ ወታደሮች በሰፈሩባቸው ከተሞች የአባላዘር በሽታን ለመቆጣጠር በሚል አንድ ሕግ አወጣ፤ በ1866 እና በ1869ም አሰፋው። በዚህ ሕግ መሠረት ፖሊስ በሴተኛ አዳሪነት የጠረጠራትን ሴት በግድ ማስመርመር ይችል ነበር፤ ታማ ከተገኘችም ሆስፒታል ውስጥ ትዘጋ ነበር። ወንዶቹን ግን የሚመረምራቸው አልነበረም። በሽታው በሁለት ሰዎች መካከል የሚተላለፍ ሆኖ ሳለ ሕጉ የያዘው አንዷን ብቻ ነበር።

ይህን ሕግ በመቃወም የተነሣችው ጆሴፊን በትለር የአንግሊካን ቄስ ሚስትና የጸሎት ሰው ነበረች። ከ1869 ጀምሮ ሴቶችን በማኅበር አደራጅታ በየከተማው ስብሰባ ትጠራ ነበር። በዚያ ዘመን አንዲት ባለትዳር እንዲህ ስላለው ነገር በአደባባይ መናገሯ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር ብዙ ስድብና ዛቻ ደርሶባታል። ሕጉ በ1883 ሥራ ላይ መዋሉ ቆመ፤ በ1886 ደግሞ ተሻረ። “አንድ የጤና እርምጃ ሸክሙን ሁሉ በሴቲቱ ላይ ጭኖ ወንዱን ነጻ ያወጣልን?” የሚለው የዛሬው ጥያቄ ያን ጊዜም ተጠይቆ ነበር፤ የጠየቀችውም ከቤተ ክርስቲያን ወንበር የተነሣች ሴት ነበረች።

አንድ መቶ ዓመት ቆይቶ በ1969 በአሜሪካን አገር በቦስተን ከተማ በተደረገ የሴቶች ስብሰባ ላይ ጥቂት ሴቶች ስለ ሐኪሞቻቸው መጨዋወት ጀመሩ። ስለ ገዛ ሰውነታቸው ለሚጠይቁት ጥያቄ በቂ መልስ እንደማያገኙ ተረዱ። ርዕስ ተከፋፍለው አጠኑ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጥናታቸውን በርካሽ ወረቀት አሳተሙ፤ ያም ጽሑፍ አድጎ በብዙ ቋንቋዎች የተነበበ መጽሐፍ ሆነ። በዚያ ንቅናቄ ውስጥ የተነገረውን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ልትቀበለው አትችልም። ይሁን እንጂ አንዲት ታካሚ ምን እንደታመመችና ምን መድኃኒት እንደሚሰጣት የማወቅ መብት አላት የሚለው፣ ዛሬ ማናችንም በሐኪም ቤት የምንጠብቀው ነገር፣ ብዙ የተሟገቱለት እነርሱ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ስብሰባዎቹ ዓለም አቀፍ ሆኑ። የሴቶችና የጤና ዓለም አቀፍ ጉባኤ በ1977 በሮም ተጀመረ። በ1985 ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቁ፤ “የእናቶችና የሕፃናት ጤና” በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ እናቲቱ የት አለች? ብዙው ገንዘብና ትኩረት ለሕፃኑ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1987፣ በናይሮቢ በተጠራ ጉባኤ ላይ በየዓመቱ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት እንደሚሞቱ ተነገረ፤ “ጤናማ እናትነት” የሚለውም ዓለም አቀፍ ዘመቻ በዚያ ተጀመረ።

በመስከረም 1994 በካይሮ 179 አገሮች በሕዝብና በልማት ጉዳይ ተሰበሰቡ። በመስከረም 1995 ደግሞ 189 መንግሥታት በቤጂንግ አራተኛውን የዓለም የሴቶች ጉባኤ አደረጉ። በቤጂንጉ ሰነድ ውስጥ ካሉት 12 ዋና ዋና ጉዳዮች ሦስተኛው የሴቶች ጤና ነው። ዛሬ በየወረዳው የምንሰማቸው አብዛኞቹ ቃላት ከእነዚህ ሁለት ጉባኤዎች የወጡ ናቸው።

በዓመቱ ውስጥ የሚመጡት ቀኖች

የመጀመሪያው ጥር 29 (ፌብሩዋሪ 6) የሚውለው የሴት ልጅ ግርዛትን የመቃወም ቀን ነው። ይህ ቀን የተወለደው አዲስ አበባ ውስጥ ነው። በ1984 በዳካር የተመሠረተውና ዋና መሥሪያ ቤቱን በአዲስ አበባ ያደረገው ጎጂ ልማዶችን የሚዋጋ የአፍሪካ ኮሚቴ፣ ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያዊቷ በወ/ሮ ብርሃነ ራስወርቅ ሲመራ ቆይቷል። ኮሚቴው በ2003 በአዲስ አበባ በጠራው ጉባኤ ላይ የናይጄሪያ ቀዳማዊት እመቤት የነበሩት ስቴላ ኦባሳንጆ ፌብሩዋሪ 6 ቀን መግለጫውን አነበቡ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ2012 ቀኑን ለዓለም ሁሉ አጸደቀው። በዓለም ላይ ከ230 ሚሊዮን በላይ ሴቶችና ልጃገረዶች እንደተገረዙ ዩኒሴፍ በ2024 አስታውቋል። በአገራችን በተደረጉት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች የተገረዙት በ2000 ከመቶ 80፣ በ2005 ከመቶ 74፣ በ2016 ደግሞ ከመቶ 65 ነበሩ። በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 565 እና 566 ድርጊቱን ያስቀጣል።

ሁለተኛው የካቲት 29 (ማርች 8) የሚውለው የሴቶች ቀን ነው። በዚያው ማርች ወር በ1946 የተቋቋመው የሴቶች ሁኔታ ኮሚሽን በኒው ዮርክ ስብሰባውን ያደርጋል። መንግሥታት በአዳራሹ ሲከራከሩ፣ ማኅበራት ደግሞ በዙሪያው ባሉ ሕንጻዎች የራሳቸውን ውይይት ያካሂዳሉ፤ ከእነዚያ ሕንጻዎች አንዱ የአብያተ ክርስቲያናት ማዕከል ነው። መካነ ኢየሱስ አባል የሆነችበት የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንም በዚያ ስብሰባ ልዑካን ያሳትፋል። እንግዲህ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች በዚያ መድረክ እንግዶች አይደሉም።

ሦስተኛው ግንቦት 15 (ሜይ 23) የፊስቱላ ቀን ነው፤ መከበር የጀመረው በ2013 ነው። ፊስቱላ የሚመጣው ምጥ ለቀናት ሲራዘም ነው። የሕፃኑ ጭንቅላት በእናቲቱ አጥንትና በፊኛዋ መካከል ያለውን ሥጋ ተጭኖ ደም ያሳጣዋል፤ ሥጋው ይሞትና ቀዳዳ ይቀራል። ሕፃኑ ብዙውን ጊዜ ይሞታል፤ እናቲቱም ሽንቷን መቆጣጠር አቅቷት ከባልና ከጎረቤት ትለያለች። በወንጌል የምናነባት አሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችውን ሴት የሚያውቅ ክርስቲያን የዚህችን እኅት መገለል ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በ1959 ወደ አገራችን የመጡት ክርስቲያን ሐኪሞች ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል መሥርተዋል። ዶ/ር ካትሪን በ2020 እስካረፉ ድረስ በዚያው አገልግለዋል፤ በሆስፒታሉና በክልል ባሉት ማዕከሎቹ ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመዋል። ከታካሚዎቹ አንዷ ማሚቱ ጋሼ ራሷ ቀዶ ሕክምና ተምራ የሌሎችን ሴቶች ቁስል የምትጠግን ሆናለች።

አራተኛው ግንቦት 20 (ሜይ 28) ነው። ይህ ቀን ሲነሣ የእኛ ሰው ሐሳብ ወደ ሌላ ታሪክ ይሄዳል። በዓለም ዙሪያ ግን በ1987 በኮስታ ሪካ የተሰበሰቡ ሴቶች ለሴቶች ጤና የሥራ ቀን ብለው የመረጡት ነው። ይህ ቀን በተለይ የሴቶች መብት ተሟጋቾች የራሳቸው አድርገው የሚያከብሩት ስለሆነ ከሌሎቹ ይልቅ የሚያከራክሩ ጥያቄዎች የሚነሡበት ነው። ወደዚህ እንመለሳለን።

አምስተኛው ኅዳር 8 (ኖቬምበር 17) ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 በዚህ ቀን የማኅፀን በር ካንሰርን ለማስወገድ ዘመቻ ጀመረ። ግቡ በሦስት ቁጥሮች ይነገራል፤ እስከ 2030 ድረስ ከመቶ 90 ልጃገረዶች እስከ 15 ዓመታቸው እንዲከተቡ፣ ከመቶ 70 ሴቶች በ35 እና በ45 ዓመታቸው እንዲመረመሩ፣ ሕመሙ ከተገኘባቸውም ከመቶ 90 እንዲታከሙ ነው። በ2022 ይህ ካንሰር 350,000 ያህል ሴቶችን ገድሏል። የሚያሳዝነው በክትባት መከላከል፣ ቀድሞ በምርመራ ማግኘትም የሚቻል በሽታ መሆኑ ነው። ምርመራው ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል፤ ነርሷ በማኅፀን በር ላይ ከኮምጣጤ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ፈሳሽ ቀብታ ነጭ ምልክት መኖሩን ታያለች። ኢትዮጵያ ክትባቱን በ2018 መጨረሻ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች። ክትባቱ ያመክናል የሚለው ወሬ በብዙ አጥቢያዎች ሲናፈስ ይሰማል፤ በመላው ዓለም በብዙ ሚሊዮን ልጃገረዶች ላይ የተደረገው ክትትል ግን ይህን አላሳየም። “ልጄን ለዝሙት ያደፋፍራታል” የሚለው ስጋትም አለ። ይሁን እንጂ ክትባቱ በልጅነት የሚሰጠው ሰውነት ለቫይረሱ ከመጋለጡ በፊት እንዲዘጋጅ ነው፤ በድንግልና ያገባች እኅትም ቫይረሱ ከባሏ ሊደርስባት እንደሚችል አንርሳ።

የመጨረሻው ከኅዳር 16 እስከ ታኅሣሥ 1 (ከኖቬምበር 25 እስከ ዲሴምበር 10) የሚቆየው የ16 ቀን ዘመቻ ነው፤ በአገራችን የነጭ ሪቫን ቀን ተብሎ ይታወቃል። የመጀመሪያው ቀን በ1960 በዶሚኒካን ሪፐብሊክ በአምባገነን መንግሥት የተገደሉትን ሦስት እኅትማማቾች ያስታውሳል፤ ዘመቻው ራሱ በ1991 ተጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከሦስት ሴቶች አንዷ ያህል በሕይወቷ የአካል ወይም የጾታ ጥቃት ደርሶባታል። በ2016 በአገራችን በተደረገው ጥናት ባል ሚስቱን ቢያንስ በአንድ ምክንያት ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች ከመቶ 63፣ ወንዶች ከመቶ 28 ነበሩ። ይህን ቁጥር ያነበበ መጋቢ የጋብቻ ትምህርቱን ለወንዶች ብቻ ሳይሆን ለእናቶችም ማስተማር እንዳለበት ይገነዘባል።

ከእነዚህ ዓመታዊ ቀኖች ሌላ “ዊመን ዴሊቨር” የሚባል ትልቅ ጉባኤ አለ። በ2007 በለንደን ተጀምሮ በ2010 በዋሽንግተን፣ ከዚያም በየሦስት ዓመቱ ገደማ ሲካሄድ ቆይቷል። በ2023 በኪጋሊ ሲደረግ በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው ነበር፤ ከኪጋሊ ቀጥሎ ያለው የ2026ቱ የሜልቦርን ነው።

የምንለይበት ጉዳይ

ብዙ አገልጋዮች ከእነዚህ ጉባኤዎች የሚርቁት በአንድ ዋና ምክንያት ነው፤ ውርጃ። ይህ ስጋት ከምንም ተነሥቶ የመጣ አይደለም። በካይሮም በቤጂንግም ትልቁ ክርክር በዚህ ላይ ነበር፤ ቫቲካንና በርካታ አገሮች ተቃውሟቸውን በጽሑፍ አስመዝግበዋል። በግንቦት 20 መድረኮች ላይም ውርጃ በሕግ እንዲፈቀድ የሚጠይቁ ድምፆች ጎልተው ይሰማሉ።

ይሁን እንጂ ስለ አንድ ሰነድ ከመናገር በፊት ማንበብ ይገባል። የካይሮው ሰነድ በአንቀጽ 8.25 ላይ ውርጃ በምንም መንገድ እንደ ቤተሰብ ምጣኔ ዘዴ መስፋፋት እንደሌለበት ይናገራል። ሕጉን መወሰን የየአገሩ ጉዳይ ነው ይላል፤ ሕግ በማይከለክልበት ቦታ ግን አደገኛ እንዳይሆን፣ በውርጃ ምክንያት የተጎዳችም ሴት ሁሉ ሕክምና እንድታገኝ ይጠይቃል። አንድ ክርስቲያን ይህን አንብቦ በሁሉም ላይስማማ ይችላል። ነገር ግን ደም እየፈሰሳት ወደ ጤና ጣቢያ የመጣችን ልጅ ማከም ይገባል በሚለው ላይ የሚከራከር አማኝ ያለ አይመስለንም።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። እናቶችን ከሚገድሉት ነገሮች ዋነኛው የደም መፍሰስ ነው፤ በእርግዝና ጊዜ የሚነሣ የደም ግፊትና ኢንፌክሽን ይከተላሉ። በብዙዎቹ ጉባኤዎች ከሚነገረው አብዛኛው ስለ እነዚህ ነው፤ ስለ አዋላጅ ነርስ፣ ስለ ደም ባንክ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ አምቡላንስ። በአንድ ምዕራፍ ስለማንስማማ ሌላውን ሁሉ ትተን ብንወጣ፣ ወንበራችን ባዶ ሆኖ ይቀራል እንጂ ውሳኔው ከመተላለፍ አይቆምም።

የመብት ተሟጋቾች ሥራም በአንድ ጥያቄ ብቻ ሊመዘን አይገባም። በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ ሲያደርግ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎች ሴቶች ብዙ ደክመውበታል። ሰውነቷ ሳይጠነክር የምታረግዝ ልጅ ምጥ እንደሚበረታባትና ለፊስቱላ እንደምትጋለጥ ለሚያውቅ ሰው፣ ያ ሕግ የጤና ሕግም ነበር።

ጉባኤ ሕይወት የሚያድነው መቼ ነው?

ከናይሮቢ ጉባኤ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። በዓለም ላይ በወሊድ ምክንያት የሚደርሰው ሞት ከ2000 እስከ 2023 ባሉት ዓመታት ከመቶ 40 ያህል ቀንሷል። በአገራችን በ2000 በተደረገው ጥናት ከ100,000 ሕያው ልደት 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ 412 ሆነ። ሆኖም በ2023 እንኳ በዓለም ላይ 260,000 ያህል እናቶች ሞተዋል። ይህ በየቀኑ ከ700 በላይ ማለት ነው፤ ከአሥሩ ሰባቱ ያህል ደግሞ ከሰሐራ በታች ባለችው አፍሪካ ነው።

በ1994 የታተመ አንድ ጥናት የእነዚህን እናቶች ሞት በሦስት መዘግየቶች አስረዳ። የመጀመሪያው ወደ ሐኪም ቤት እንሂድ ብሎ ለመወሰን መዘግየት ነው፤ ባል እስኪመጣ፣ አማት እስክትፈቅድ፣ ገንዘብ እስኪገኝ። ሁለተኛው መንገድ ላይ መዘግየት ነው፤ መኪና የለም፣ ወንዙ ሞልቷል። ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ መዘግየት ነው፤ ሐኪም የለም፣ ደም የለም፣ መድኃኒት የለም።

ልብ በሉ፤ ሦስተኛውን መንግሥት ሊያስተካክለው ይችል ይሆናል። የመጀመሪያውን ግን በኒው ዮርክም በኪጋሊም የተሰበሰበ ጉባኤ ሊያስተካክለው አይችልም። እርሱ የሚስተካከለው በቤት ውስጥ፣ በእድር፣ በቤት ለቤት ኅብረት ነው። ሁለተኛውንም ቢሆን ብዙ የገጠር ሰፈሮች መኪና እስኪመጣ ሳይጠብቁ በቃሬዛ ተሸክመው ሲያሻግሩት ኖረዋል።

የዚህ መልካም ምሳሌ ከምባታ ነው። ዶ/ር ቦጋለች ገብሬ ከውጭ አገር ተመልሳ በ1997 ከእኅቷ ጋር ድርጅት ስታቋቁም ስለ ግርዛት ለመናገር አልቸኮለችም። ሽማግሌዎቹን ምን እንደሚያስፈልጋቸው ጠየቀች፤ ድልድይ አሏት። ድልድዩ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ወንዶችና ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ልጃገረዶች በአንድነት እየተቀመጡ ለብዙ ጊዜ ተወያዩ። ከምባታ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የበዙበት አካባቢ ሆኖ ሳለ፣ ከዚያ በፊት ሴት ልጁን የማያስገርዝ ሰው ማግኘት ጭንቅ ነበር።

ምክንያቱ የልብ ክፋት አልነበረም። አንድ አባት ብቻውን “ልጄን አላስገርዝም” ቢል፣ የማያገባት ባል ቢጠፋ የምትጎዳው ልጁ ናት። ስለዚህ ጉዳቱን የሚያውቀው እንኳ ዝም ይላል። ይህ ልማድ የሚሰበረው ልጅ የሚሰጡትና ልጅ የሚቀበሉት ቤተሰቦች በአንድ ላይ፣ በግልጽ ሲወስኑ ብቻ ነው። በ2002 በከምባታ አንዲት ሙሽራ አለመገረዟን፣ ሙሽራውም እርሷን በማግባቱ ደስ መሰኘቱን የሚገልጽ ጽሑፍ በደረታቸው ላይ አድርገው በሕዝብ ፊት ተጋቡ። ያን ሰርግ ያየ አባት ሁሉ ያልተገረዘች ልጅ ባል እንደማታጣ በዓይኑ አየ። በአዲስ አበባ የተነበበው የ2003ቱ መግለጫ ገና አልወጣም ነበር፤ አገሪቱም ድርጊቱን የሚያስቀጣውን ሕግ ገና አላወጣችም ነበር።

እንግዲህ ትልቁ ጉባኤ ቃልን ይሰጣል፤ ገንዘብንና ሕግን ያንቀሳቅሳል። ያ ቃል ሕይወት የሚያድነው ግን የሚተዋወቁ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ራሳቸውን ሲያስሩበት ነው። እንዲህ ያለውን ትንሽ ጉባኤ በየሳምንቱ የሚጠራ ማን አለ ብንል፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚበልጥ ብዙ አናገኝም።

ከመሄድ በፊትና ከተመለሱ በኋላ

የመጀመሪያው፣ ደብዳቤው ሲደርስ የሚጠሩት እነማን እንደሆኑና ርዕሱ ምን እንደሆነ ይጠየቅ። የአቋም መግለጫ የሚፈረም ከሆነ ረቂቁን አስቀድሞ መጠየቅ ነውር አይደለም። ተወካይቱም የምትስማማበትን ፈርማ፣ የማትስማማበትን ደግሞ በአክብሮት “በዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያናችን አቋም ሌላ ነው” ብላ እንድታስመዘግብ ሥልጣን ይሰጣት።

ሁለተኛው፣ የምትላከው እኅት ጊዜ ያላት ብቻ ሳትሆን ጉዳዩን የምታውቅ ትሁን። በየጉባኤያችን አዋላጅ ነርሶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የሕግ ባለሙያ እኅቶች አሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከመዝሙርና ከመስተንግዶ ውጭ አልተጠየቁም። ከአንድ ወንድም ጋር ብትላክ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል፤ የመጀመሪያውን መዘግየት የሚፈጥረው ብዙውን ጊዜ ወንዱ ነውና።

ሦስተኛው፣ ስትመለስ ትጠየቅ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ አሥር ደቂቃ ይበቃታል፤ ምን ተባለ? ከዚህ ውስጥ እኛ የምንችለው የትኛውን ነው?

አራተኛው፣ የምንችለው ነገር በቁጥርና በስም ይያዝ። በአጥቢያችን በሚቀጥሉት ሦስት ወራት የሚወልዱት እነማን ናቸው? ሌሊት ምጥ ቢመጣ መኪና ያለው ማን ነው? ለመጓጓዣ የተቀመጠ ገንዘብ አለ? ደም የሚለግሱት እነማን ናቸው? ከ30 ዓመት በላይ ከሆኑት እኅቶቻችን የማኅፀን በር ምርመራ ያደረገች አለች? ልጃገረዶቻችንስ ተከትበዋል? እነዚህ ጥያቄዎች ከአንድ የሴቶች ክፍል ስብሰባ አያልፉም፤ መልሳቸው ግን የአንዲትን እናት ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።

በዘጸአት መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ የንጉሥ ትእዛዝ ሲወጣ ሕፃናቱን ያዳኑት ሲፋራና ፉሐ የሚባሉ ሁለት አዋላጆች ነበሩ። የፈርዖን ስም በዚያ ታሪክ አልተጻፈም፤ የእነርሱ ግን ተጽፏል።

የጥር 29፣ የየካቲት 29፣ የግንቦት 15ና የኅዳር 8 ደብዳቤዎች በዚህም ዓመት ይመጣሉ። ወደ መሳቢያ ከመግባታቸው በፊት ሽማግሌዎችና የሴቶች ክፍል መሪዎች በአንድነት ያንብቧቸው። ጌታ ማስተዋልን ይስጠን።